ከጠጅ ቤት እስከ ወይን ማሳ፦ ቀይ ወይንና የእኛ ማር

በበዓል መጽሔት ላይ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል የሚጽፍ አይጠፋም። አዘጋጆቹ እነዚህን ርዕሶች ለሚመለከታቸው ባለሙያዎች ካከፋፈሉ በኋላ ለእኔ የደረሰኝ «ከሌሎች አምራቾች ታሪክ ምን እናገኛለን» የሚለው ነው። ውድ አንባብያን፣ እኔም ስለ ቀይ ወይን ልጽፍ ነው። በቡለን ወረዳ የወይን ጠጅ ፋብሪካ የለም። ከአባሎቻችን መካከልም በሃይማኖታቸው ምክንያት የሚያሰክር መጠጥ የማይቀምሱ ብዙዎች ናቸው። ቢሆንም ይህ ጽሑፍ አንድ የእርሻ ምርት ከማሳ ተነስቶ ጠርሙስ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ዋጋው የት የት እንደሚጨምር፣ የጨመረውም ዋጋ በማን እጅ እንደሚቀር የሚያወሳ ስለሆነ የማይጠጣውም አባል ቢያነበው አይከፋውም ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። በግዕዝ የማር መጠጥ «ሜስ» ይባላል፤ ትግርኛም እስከ ዛሬ ይህንኑ ይዟል። አማርኛ «ጠጅ» አለው። ከወይን ፍሬ የሚወጣውን ደግሞ «ወይን ጠጅ» ብሎ ሰየመው። ጠጅ ዋናው፣ ወይን ቅጥያው ሆነ ማለት ነው። አውሮፓውያን በበኩላቸው የእኛን ጠጅ «የማር ወይን» ይሉታል። ሁሉም የሚያውቀውን መጠጥ መለኪያ አድርጎ ሌላውን ይሰይማል። «ወይን» የሚለው ቃል ግን ከዕብራይስጡ «ያይን» ጋር የሚዛመድ ጥንታዊ ቃል በመሆኑ፣ ነገሩ ከፋብሪካ ጋር ትናንት የመጣ እንግዳ እንዳልሆነ ይመሰክራል።

የጽሑፍ ማስረጃውም ይህንኑ ያሳያል። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን አካባቢ አንድ የግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ስለሚካሄደው ንግድ በጻፈው መምሪያ ላይ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡ ሸቀጦች መካከል ከሎዶቅያና ከጣሊያን የሚመጣ ጥቂት ወይን ጠጅ እንዳለበት ጠቅሷል። «ጥቂት» መባሉን ልብ ይሏል። የሚጠጡት መኳንንቱና በአዱሊስ የተቀመጡ የውጭ አገር ነጋዴዎች እንደነበሩ መገመት ይቻላል። በአራተኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ያመፁ የቤጃ አለቆችን አስገብሮ፣ ስድስቱን አለቆች ከ4,400 ሕዝባቸው ጋር ወደ ሌላ አገር ሲያሰፍር፣ በመንገድ ላይ በየቀኑ 22,000 የስንዴ ዳቦ፣ ሥጋ፣ እንዲሁም ጠላና ወይን ጠጅ እንዳቀረበላቸው በድንጋይ ላይ አስቀርጾ ትቷል። የሰፈራ ታሪክ ለመተከል ሰው እንግዳ ስላልሆነ፣ ያን ድንጋይ ያስቀረጸው ንጉሥ ስንቁን እንዲህ በቁጥር መመዝገቡ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በአክሱም አቅራቢያም ከዐለት የተፈለፈሉና የወይን መጭመቂያ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚባሉ ገንዳዎች ይገኛሉ።

ከዚያ በኋላ ወይን በአገራችን ሁለት ቤት ብቻ እንደተረፈው እንረዳለን፤ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ተቀምጦ ያየውን ጽፏል። እርሱ እንደሚለው ከወይን ፍሬ የሚጠመቅ ጠጅ በይፋ የሚዘጋጀው በንጉሡና በጳጳሱ በአቡነ ማርቆስ ቤት ብቻ ነበር፤ ሌላው ሰው ቢያዘጋጅ በስውር ነው። ለቅዳሴ የሚሆነው ደግሞ ተጠብቆ ከተቀመጠ ዘቢብ ይዘጋጃል፤ ዘቢቡ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ይፈጫል፣ በጨርቅ ይጨመቃል። ቤተልሔም ውስጥ ያገለገለ ዲያቆን ይህን ሲያነብ የራሱን ሥራ እያነበበ ይመስለዋል። 500 ዓመት ገደማ አልፎም አሠራሩ ብዙ አልተለወጠም።

የወይን ሐረግ ራሱ ግን ከአገሩ አልጠፋም። ከጣና በስተ ምሥራቅ ባሉት በይፋግና በእንፍራዝ አካባቢ የወይን ተክል እንደነበረ የየዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። የጎንደር ነገሥታትም ከዚያው ይቀርብላቸው ነበር። የሕዝቡ መጠጥ ግን ጠላ ነበር፤ የጌቶቹ ደግሞ ጠጅ። ለጠጁ የሚሆነው ማር ከየት ይመጣ ነበር ቢባል፣ ከእኛ ጎረቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ለማየት ወደ ግሽ የሄደው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፣ የአገው ሰዎች ማር፣ ቅቤ፣ ሰምና ቆዳ ተሸክመው ሺህም ሺህ አምስት መቶም እየሆኑ እየተከታተሉ ወደ ጎንደር ገበያ ይወርዱ እንደነበር ጽፏል። ከአገው ምድር በስተ ምዕራብ ያለው ቆላ የእኛ ምድር ነው። ማሩ ከቆላው ወደ ደጋው ወጣ፤ ቀፎ የሰቀለው ሰው ስም ግን በየትኛውም የግብር መዝገብ ላይ ጎልቶ አይታይም። የምርቱ ክብር ጠጁ በተጠጣበት አዳራሽ ቀረ።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንለፍ። በአገራችን ወይን ጠጅ በፋብሪካ ደረጃ መመረት የጀመረው ከጣሊያን ወረራ ማግሥት ነው። አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ዛሬ በየሠርጉና በየበዓሉ የምናያቸው አክሱሚት፣ ጉደር፣ ከሚላና አዋሽ ክሪስታል የሚባሉት ሁሉ የዚህ ቤት ልጆች ናቸው። አክሱሚት ጣፋጩ ቀይ ነው። ጉደር ደግሞ ደረቁ ቀይ ሲሆን ስሙን ያገኘው ከአምቦ በስተ ምዕራብ ከምትገኘው ከተማ ነው። ፋብሪካው በደርግ ዘመን እንደ ሌሎቹ ሁሉ የመንግሥት ሀብት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ወደ ግል ይዞታ ሲዛወር ከገዢዎቹ አንዱ ሙዚቀኛው ቦብ ጌልዶፍ በሊቀመንበርነት የመራው 8 ማይልስ የተባለ የኢንቨስትመንት ኩባንያ ነበር። ጌልዶፍን ብዙዎቻችን የምናውቀው በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ለእርዳታ ባዘጋጀው የሙዚቃ ዝግጅት ነው። በዚያው ዘመን ነው ከወሎና ከሌሎችም በድርቅ ከተጎዱ አካባቢዎች ብዙ ሺህ ሰው ወደ ጎረቤታችን ፓዌ መጥቶ የሰፈረው። ያኔ ለስንዴ ገንዘብ ሲሰበስብ የነበረ ሰው፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ገደማ በኢትዮጵያ ወይን ላይ ገንዘቡን አዋለ። ይህ ለአገሪቱ እርሻ ያለውን ግምት መለወጥ ያሳያል፤ ሆኖም ትርፉን ማን ይካፈላል የሚለው ጥያቄ እንደቀጠለ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራ በዝዋይ፣ አሁን ባቱ በምትባለው ከተማ አጠገብ የተሠራው ነው። ፈረንሳዊው የካስቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራውን ጀምሮ፣ ከፈረንሳይ አገር ያስመጣቸውን የሜርሎ፣ የሲራ፣ የካቤርኔ ሶቪኞንና የሻርዶኔ ችግኞች ከ100 ሄክታር በሚበልጥ መሬት ላይ ተከለ። የመጀመሪያዎቹ ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» በሚል ስም ለገበያ ቀረቡ። ከመጀመሪያው ሥራ እስከ መጀመሪያው ሽያጭ ሰባት ዓመት መፍጀቱን አባሎቻችን እንዲያስተውሉት እፈልጋለሁ። በቆሎ በስድስት ወር ይደርሳል። ወይን ግን ለጠጅ የሚበቃ ፍሬ ለመስጠት ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ ከዚያም መጠመቅ፣ መቀመጥ፣ መታሸግ አለ። ይህን ያህል ዓመት የሚጠብቅ ገንዘብ ያለው ማን ነው?

ይህን ማሳ በዓይኔ ያየሁት በኅዳር 2008 ዓ.ም. ነው። ከቡለን በቻግኒና በእንጅባራ አድርገን የሄድነው ለልምድ ልውውጥ ሲሆን፣ ዋናው ጉዳያችን በመቂና በዝዋይ ያሉ አትክልት አምራቾች በኅብረት ሥራ እንዴት እንደሚሸጡ ማየት ነበር። የወይኑ ጉብኝት ከፕሮግራሙ ውጪ በመጨረሻው ቀን የተጨመረ ነው። ከመካከላችን ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ አንድ አባታችን ነበሩ።

የወይን ማሳ ለእኛ ዓይን ያልተለመደ ነው። ሐረጎቹ በሽቦ ላይ ተዘርግተው ወታደር እንደተሰለፈ ቀጥ ብለው ይታያሉ፤ ውሃው በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ከእያንዳንዱ ሥር ይወርዳል። አስጎብኚያችን ወጣት የግብርና ባለሙያ ነበረች። አንድ ፍሬ ቆርጣ በትንሽ መሣሪያ መስታወት ላይ ጨመቀችና ወደ ብርሃን አቅንታ ተመለከተች። ከዚያም ለአባታችን አቀበለቻቸው።

«አባባ፣ ስኳሩን ነው የሚያሳየው፤ መስመሩ የት ላይ እንዳረፈ ይዩት።»

«ሃያ ሦስት ላይ ነው። ስኳር ትጨምሩበታላችሁ እንዴ ልጄ?»

«የለም አባባ፣ ፍሬው ራሱ የያዘው ነው። እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርስ እንቆርጠዋለን።»

«ለማርስ ይሠራል?»

«ለማርም አለው። የማሩን ውሃ ይለካል።»

እርሳቸው መሣሪያውን መልሰው ሳይሰጡ ብዙ ቆዩ። በኋላ መኪና ውስጥ «እንዲህ ያለ ነገር ገበያ ላይ ቢኖር ማን ንጹሑን እንዳመጣ፣ ማን ውሃ እንደቀላቀለ ያለ ጠብ ይታወቅ ነበር» አሉን። መሣሪያው ሪፍራክቶሜትር ይባላል፤ በኪስ የሚያዝ ነው።

ከማሳው ቀጥሎ ወደ መጥመቂያው ገባን። ብዙ ሰው ቀይ ወይን ቀለም የተጨመረበት ይመስለዋል። እንዲያውም የአብዛኛው ጥቁር ወይን ጭማቂ ራሱ ነጣ ያለ ነው። ቀለሙ ያለው ቆዳው ላይ ነው። ስለዚህ ለቀዩ ፍሬው ከነቆዳው ተፈጭቶ አብሮ ይፈላል፤ ለነጩ ግን ጭማቂው ቶሎ ከቆዳው ይለያል። ቆዳውና ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ከቀለም በተጨማሪ ምላስ የሚይዝ ነገር ይሰጣሉ። ታላላቅ የብረት ታንከሮች ተደርድረዋል፤ ሙቀቱም እንዳያልፍ ይጠበቃል። ከፊሉ ወይን ከዚያ ወጥቶ በባሉጥ እንጨት በርሜል ይቀመጣል። ለአንድ ጠርሙስ አንድ ኪሎ ያህል ፍሬ ይበቃል።

ሲቀምሱ አባታችን ፊታቸውን አጨማደዱና «ጌሾ በዝቶበታል» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ ነገር ግን ንግግራቸው ትክክል ነበር። ጌሾ ለጠጅ የሚሰጠውን ምሬት ለቀይ ወይን ቆዳውና ዘሩ ይሰጡታል። ጠጅ ጣይ እናቶቻችን ጌሾውን መጠንቶ ማውጣትን እንደሚያውቁበት ሁሉ፣ የወይን ጠማቂውም ሙያ ቆዳው ከጭማቂው ጋር ስንት ቀን ይቆይ የሚለው ላይ ነው።

ለእኔ የመጀመሪያው ጉንጭ ያልበሰለ ሙዝ የነከስኩ ያህል ምላሴን ያዘኝ። እንደማንኛውም የጠጅ አገር ልጅ ጣፋጭ ነበር የጠበቅኩት። ማታ ዝዋይ ከተማ ጥብስ አዝዘን ከአንድ ጠርሙስ ጋር ስንቀመጥ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የሥጋው ቅባትና የወይኑ ምሬት አንዱ ሌላውን ያቀናል። በጠጅ ሁለት ብርሌ ከጠጡ በኋላ ምግብ ይረሳል፤ ይህ ግን ምግቡን ያስበላል። ከዚያ ወዲህ ሥራ በወሰደኝ ቦታ ሁሉ ወይን ተክል አለ ከተባልኩ ሳላይ አልመለስም። በማርማላታው በምናውቀው በመርቲ በኩል ሳልፍ የአዋሽን የወይን ማሳ አይቻለሁ። ጉደርን አሁን የምወደው ጣፋጭ ስላልሆነ ነው። በዓመት ምናልባት አምስት ወይም ስድስት ጠርሙስ ብገዛ ነው፤ ዋጋው ከዚያ በላይ አያስኬድም። ግን ጠርሙሱን በከፈትኩ ቁጥር ከመጠጡ ይልቅ ወረቀቱን የማነበው ይበልጣል። የፍሬው ዓይነት፣ የተቆረጠበት ዓመት፣ የበቀለበት አገር ሁሉ ተጽፎበታል። የእኛ ማር አዲስ አበባ ሲደርስ ምን ተጽፎበት ነው የሚሸጠው? ብዙውን ጊዜ ቢጫ ጄሪካን ላይ ምንም አልተጻፈም።

እዚህ ላይ የፈረንሳይ ገበሬዎችን ታሪክ በሰፊው ማንሳት አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ምክንያቱም ይህ በወይን ታሪክ ውስጥ ከእኛ ችግር ጋር በጣም የሚቀራረበው ክፍል ነው።

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ፊሎክሴራ የሚባል ከአሜሪካ የመጣ ጥቃቅን ነፍሳት የፈረንሳይን ወይን ሥሩን እየበላ አደረቀው። መፍትሔ የተገኘው የአሜሪካ ወይን ሥር ነፍሳቱን ስለሚቋቋም፣ በዚያ ሥር ላይ የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ በመክተብ ነው። ነገር ግን ተክሉ እስኪያገግም ገበያው ባዶ አልቀረም። ነጋዴው ከውጭ ዘቢብ እያስገባ በውሃ ዘፍዝፎ፣ ከተጨመቀው አተላ ላይ ስኳርና ውሃ እየጨመረ «ወይን» እያለ ይሸጥ ጀመር። እውነተኛው ወይን ሲመለስ የሐሰተኛው አልወጣም። በደቡብ ፈረንሳይ ላንግዶክ በሚባለው አገር ዋጋው ወደቀ፤ ገበሬው የለፋበትን እንኳ መመለስ አቃተው።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 1907 አርዤሊዬ ከምትባል ትንሽ መንደር 87 ወይን አምራቾች ተነስተው፣ ጉዳዩን ለማጣራት ወደ ናርቦን የመጡትን የፓርላማ አባላት ለማግኘት ሄዱ። መሪያቸው ማርስላን አልቤር የመንደሩ ቡና ቤት ባለቤትና ራሱም ወይን አምራች ነበር። 87 ሰው ምን ያመጣል ተብሎ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን በየእሑዱ በተለያየ ከተማ ሰልፍ ተጠራ፤ ሰልፈኛው ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ ሄዶ ሰኔ 9 ቀን ሞንፔልዬ ላይ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ወጣ። ጥያቄያቸው አዲስ ድጎማ አልነበረም፤ ስኳር የተቀላቀለበት መጠጥ በወይን ስም መሸጡ እንዲቆም ነበር። የጠቅላይ ሚኒስትር ክሌማንሶ መንግሥት ጦር ላከ። ሰኔ 19 እና 20 በናርቦን ስድስት ሰዎች ተገደሉ። ከአካባቢው ልጆች የተውጣጣ አንድ የእግረኛ ክፍለ ጦር ግን በወገኖቼ ላይ አልተኩስም ብሎ አመፀ።

በዚያው ወር በ29ኛው ቀን ፓርላማው ሕግ አወጣ። እያንዳንዱ አምራች ምን ያህል እንዳመረተ እንዲያስመዘግብ፣ ወይን ላይ የሚጨመር ስኳርም ቀረጥ እንዲከፈልበትና ግዢው እንዲታወቅ ተደነገገ። በመስከረም ወር ደግሞ አምራቾቹ ራሳቸው ማጭበርበርን የሚከታተል ማኅበር ናርቦን ላይ አቋቋሙ። ቁጥጥሩን ለመንግሥት ብቻ አልተዉትም ማለት ነው። የቦታ ስም የሚያስጠብቀው የፈረንሳይ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1935 በሕግ የተደራጀውም በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

የኅብረት ሥራውም ከዚሁ ችግር ውስጥ የበቀለ ነው። ከናርቦን ብዙም በማይርቀው ማሮሳን በሚባል መንደር ትናንሽ ማሳ ያላቸው ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1901 ተደራጅተው ወይናቸውን አዋጥተው ይሸጡ ጀመር። በ1905 የራሳቸውን የጋራ መጥመቂያ ሠሩ። የሚሸጡት ለፓሪስ የሸማቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበር፤ በመካከል ነጋዴ የለም። ታዋቂው የፓርላማ ሰው ዣን ዦሬስ ሄዶ ጎብኝቷቸዋል። በጀርመን አር በሚባለው ሸለቆ ደግሞ የማይሾስ ወይን አምራቾች ከዚህም ቀድመው እ.ኤ.አ. በ1868 ተደራጅተዋል። ቁልቁለት ላይ ያለ ጠባብ ማሳና ዋጋ የሚሰብር ነጋዴ ነበር ያገናኛቸው። እኛ ስለ ኅብረት ሥራ ስናወራ ከ1953ቱ ድንጋጌ፣ ከደርግ አምራቾች ማኅበራት፣ ከዚያም ከአዋጅ ቁጥር 147/1991 እንነሳለን። የደርጉ ዘመን ግዳጅ በብዙ አባቶች ልብ ጠባሳ ትቷል። የማሮሳንና የማይሾስ ሰዎች ግን ማንም ሳያዝዛቸው በጋን ዙሪያ ተሰበሰቡ፤ ይህን ልዩነት ለወጣት አባሎቻችን መንገር ተገቢ ይመስለኛል።

ወደ ማራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ማሯን ወደ አውሮፓ ኅብረት ለመላክ ከተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ገብታለች። ሆኖም አብዛኛው ማር የሚውለው እዚሁ ለጠጅ ነው። ይህ ራሱ ነውር የለበትም፤ ችግሩ ለጠጅ የሚሸጥ ማር ጥራቱ አይጠየቅም። የጉሙዝና የሽናሻ ማር ቆራጮች ከቀርከሃ ቀፎ በጭስ አውጥተው ከነሰፈፉ፣ ከነእጩ በአንድ ዕቃ ያመጡታል። ገዢውም ሁሉንም በአንድ ዋጋ ይወስደዋል። አምራቹ «ንጹሑንም ቆሻሻውንም እኩል ከገዙኝ ለምን እደክማለሁ» ቢል ማን ይፈርድበታል? ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስኳር የሚቀላቅልበት አለ። ያ ስኳር የገባበት ማር አዲስ አበባ ላይ ከንጹሑ ጋር ሲወዳደር ዋጋውን ይሰብራል። ከሸማቹ ይልቅ የሚዘረፈው ቡለን ላይ ዛፍ የወጣው ሰው ነው። የላንግዶክ ገበሬ የተነሳው በዚህ ነበር።

ማር ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ ሃያ ካለፈ ማሩ ተቀምጦ እንደሚፈላ የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃም ያስቀምጣል። ያ በዝዋይ ያየነው መሣሪያ ይህን ውሃ በአንድ ጠብታ ይለካል። የስኳር መቀላቀልን ሙሉ በሙሉ ለመለየት ግን ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ስለዚህ መሠረታዊ ማኅበራቱ በመሣሪያው ውሃውን፣ ዩኒየኑ በላቦራቶሪ ናሙናውን ቢከፋፈሉት ሥራው ይሄዳል።

ወይን እንትከል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። እኔ በስፋት መትከሉን አልደግፍም። የወይን ፍሬ ሲበስል ደረቅ አየር ይወዳል፤ የእኛ ክረምት ግን ረጅምና ዝናቡ ከባድ በመሆኑ ቅጠሉን የሻጋታ በሽታ ይዘልቀዋል። መድኃኒቱና ሽቦው ከካፒታላችን በላይ ነው። በግቢ ለጥላና ለልጆች ፍሬ አንድ ሁለት ሐረግ መትከል ግን ማንንም አይጎዳም። የቡለን ወይን ቀፎ ውስጥ ነው።

ነገር ግን ቀፎም እንደ ወይን ሐረግ ባለቤቱ በቦታው እንዲኖር ይፈልጋል። በንጉሡ በአክዓብ ዘመን ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም ያለው ወይን ቦታውን ነበር። በመተከል ዞን ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የደረሰውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በእኛው ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ በአንድ ቀን ከ100 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ብዙ ሺህ ሕዝብ ቤቱን፣ ማሳውንና ቀፎውን ትቶ ተሰዷል። ያ ዘመን የማር ቁጥራችንን ምን ያህል እንደጎዳው በስሌት ማሳየት አይቻልም፤ ንቡ ዛፍ ላይ ቀረ፣ ቆራጩ ቻግኒ መጠለያ ነበር። በበቆሎ ላይ ለመሰማራት አንድ ክረምት ማመን ይበቃል። ለዘመናዊ ቀፎ፣ ለማጣሪያና ለጠርሙስ ገንዘብ ለማዋጣት ግን ቢያንስ አምስት ዓመት እዚሁ እኖራለሁ ብሎ ማመን ያስፈልጋል። የወረዳና የዞን ኃላፊዎች ስለ እሴት መጨመር በየስብሰባው ሲናገሩ ይህን ጉዳይ አብረው ቢያነሱልን መልካም ነው።

ጠጁን ራሱ ጠርሙስ ማስገባት ይቻላል ወይ የሚለው የመጨረሻው ጉዳይ ነው። አሠራሩን እናቶቻችን ያውቁታል። አንድ እጅ ማር ለሦስት ወይም ለአራት እጅ ውሃ፣ ጌሾው በሦስተኛ በአራተኛው ቀን ይገባል፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ይደርሳል። አስቸጋሪው መፍላቱን በሚፈለገው ቀን ማቆም ነው። ጠጅ በቡሽ ታሽጎ ውስጥ ውስጡን መፍላቱን ከቀጠለ ጠርሙሱን ይሰብረዋል፤ ወይም ሸማቹ ጋ ሲደርስ ኮምጣጣ ይሆናል። ወይን ጠማቂዎች ይህን የሚያሸንፉት ሙቀትን በመቆጣጠር፣ በማጣራትና በንጽሕና ነው። ይህ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ እኔ ለዩኒየናችን አሁን የማቀርበው ጠጅ ማሸጉን አይደለም፤ ማሩን በስሙ መሸጡን ነው።

ለዚህም ከኅዳሩ ቆረጣ በፊት ማለቅ ያለባቸው ሥራዎች ጥቂት ናቸው። በየመሠረታዊ ማኅበሩ የግዢ ጣቢያ አንድ ሪፍራክቶሜትር፣ ነጩን ማር ከጠቆረው የሚለይ ክዳን ያለው የማር ባልዲ፣ የቀበሌውና የቆረጣው ወር የሚጻፍበት ወረቀት፣ እንዲሁም ንጹሕ ላመጣ አባል የሚከፈል የዋጋ ልዩነት ያስፈልጋል። የዋጋውን ልዩነት መጠን የሚወስነው ጠቅላላ ጉባኤው ስለሆነ፣ ሐሳቡ በአጀንዳ እንዲያዝ በጽሑፍ ለሥራ አመራር ኮሚቴው ቀርቧል።